ሮክፊሽ ምን ይበላል? መጀመሪያ ስንት ኢንች እንደሆነ ንገሩኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ ዓሳ የምታጠምዱ ሰዎች፣ ጥያቄው በዋናነት ለናንተ ነው፣ ሌላ ቦታ ያላችሁም ግን የምታውቁት ነገር ካለ ጣል አድርጉ።

ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ቀን ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ሳንዲ ፖይንት ሄድን፣ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ፣ ቤይ ብሪጁ አጠገብ ያለው ፓርክ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ሮክፊሽ (ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመር ያለው ስትራይፕድ ባስ ማለት ነው) የሚወደው ሜንሄደን የሚባለውን ዘይታም ዓሳ ነው ስለሚል መዳፍ የሚያህል የሜንሄደን ቁራጭ መንጠቆው ላይ ሰክቼ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ፣ አንድም ነካ ያደረገ የለም። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዘኑልን መሰለኝ ከሳጥናቸው ትንሽዬ ነጭ የላስቲክ ዓሳ አውጥተው ሰጡኝ፣ የትንሿን ጣቴን ያህል ናት። ሁለተኛው ውርወራ ላይ ያዘች። ለካነው፣ 21 ኢንች። በ2024 እዚህ ቤይ ውስጥ የሚፈቀደው ከ19 እስከ 24 ኢንች ያለው ብቻ ነበር፣ እሱም ለአንድ ሰው በቀን አንድ፣ ስለዚህ ይዘነው ወደ ቤት።

ቤት ገብተን እኔ ቅርፊቱን ሳራግፍ ልጁ ሆዱን ካላየሁ አለ። ጨጓራው እንደ ትንሽ ካልሲ ነው፣ ወፈር ያለ፣ ውስጡ የተሸበሸበ። ስንጨምቀው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው፣ 17 ትንንሽ ዓሳ! መጨረሻ የተዋጡት ገና ዓይናቸው ያበራል፣ ጎናቸው ላይ እንደ ፎይል የሚያብለጨልጭ መስመር አላቸው፣ ቀድመው የገቡት ደግሞ እንደ ገንፎ ሆነው አከርካሪያቸው ብቻ እንደ ክር ይታያል። ልጄ ሳህን ላይ በመስመር ደረደራቸው። አንዷም ከሦስት ኢንች አትበልጥም። ሜንሄደን የሚባል የለም። ባለፈው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግን አንድ ጓደኛዬ 23 ኢንች ይዞ ሆዱ ውስጥ ሁለት ሜንሄደን ነበር፣ እያንዳንዳቸው የመዳፍ ርዝመት አላቸው። ሁለት ኢንች ብቻ ነው ልዩነታቸው።

እኔ እንደሚመስለኝ ማንኛውም ዓሳ በዓይን በማይታይ የውሃ ነፍሳት ይጀምርና አፉ ሲሰፋ ምግቡም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ሮክፊሽ ይህን ይበላል ተብሎ በደፈናው የሚጻፈው ነገር ግማሽ እውነት ነው። ጥያቄዬ ስንት ኢንች ላይ ነው ምግቡን የሚቀይረው የሚል ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በኋላ የጨመርኩት ነው። ክሩ ረዝሞ 28 መልስ ስለደረሰ፣ መሀል ላይም ነገሩ ስለተበጣበጠ፣ አዲስ የምትገቡ ሰዎች ከላይ ጀምራችሁ እንዳትደክሙ ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል በተራ ጽፌዋለሁ። ቃል በቃል አይደለም፣ ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

1ኛው መልስ ከአሌክሳንድሪያ ነው፣ በጣም ጨዋ ሰው። የለጠፍኩትን የሳህኑን ፎቶ አይቶ ትንንሾቹ ቤይ አንቾቪ የሚባሉት ናቸው አለኝ፣ የብሩን መስመር አይቶ ነው የለየው። ቼሳፒክ ውስጥ ከሁሉም ዓሳ በብዛት የሚገኘው እሱ እንደሆነ፣ ሙሉ አድጎም ከአራት ኢንች እምብዛም እንደማያልፍ ጻፈ። ልጄንም አመሰገነልኝ፣ አንብቤለት ደስ ብሎታል።

2ኛው የላስቲኳን ቀለምና የት እንደምትሸጥ ብቻ ጠይቆ ወጣ።

3ኛው ከኒው ጀርዚ መጣና በስሙ ጀመረ። ሮክፊሽ የሚለው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰው ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ስትራይፐር ነው የሚባለው፣ ሜንሄደንንም እኛ ባንከር ነው የምንለው አለ። ይሁን። ዋናው ነገሩ ግን እነሱ ጋር በመከር ወደ ደቡብ የሚወርደው ትልቁ ዓሳ፣ 40 ኢንች ምናምን የሚሆነው፣ አንድ ጫማ የሚያክል ባንከር ሳይቆራርጥ እንዳለ ይውጣል፣ እሱም በጣት የምታህል ላስቲክ አጥምዶ እንደማያውቅ ነገረን። በትንሽ ነገር ትልቅ ዓሳ አይያዝም የሚል ድምፀት ነበረው። ይሄን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

4ኛዋ እዚሁ ሜሪላንድ ስለ ዓሳ የምትማር እህት ናት። የክሩ ዋና መልስ የሷ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ሮክፊሽ በኤፕሪልና በሜይ ከባሕር ወደ ላይ ወጥቶ ጨው በሌለበት ወንዝ ውስጥ ነው እንቁላሉን የሚጥለው፣ እንደ ቾፕታንክ፣ ናንቲኮክ፣ ፖቶማክና የቤዩ ራስጌ ባሉት ቦታዎች። እንቁላሉ ሁለት ቀን ገደማ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር ለጥቂት ቀን ሆዱ ላይ የተሸከመውን አስኳል እየተመገበ ይቆያል፣ ያ ሲያልቅ አፉን ከፍቶ የመጀመሪያውን ምግብ ማግኘት አለበት፣ ካላገኘ ያው ሞተ ማለት ነው። ያ ምግብ ዙፕላንክተን ነው፣ ኮፔፖድ የሚባሉት ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ነፍሳት። አንድ ሁለት ኢንች ሲሆን ወደ ትንንሽ ሽሪምፕ መሰል ነገሮች፣ ወደ ትልና ወደ ውሃ ውስጥ የነፍሳት እጭ ይሄዳል። የመጀመሪያ ዓመቱን ሲጨርስ አራት አምስት ኢንች ቢሆን ነው፣ እስከዚያ ድረስ ዓሳ የሚበላው አልፎ አልፎ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንቾቪው እየበዛ ይመጣል፣ ከዚያ የዓመቱ ትንንሽ ሜንሄደን፣ ከፍ ሲል ደግሞ ሜንሄደን ዋናው ቀለቡ ይሆናል። ጨዉ ቀለል ባለበት ውሃ ያለው ደግሞ ጊዛርድ ሻድና ዋይት ፐርች ይበላል። ስንት ኢንች ላይ ነው ላልኩት ግን በር የለውም አለች። አንዱን ዘግቶ ሌላውን አይከፍትም፣ የቆየውን ሳይተው አዲሱን ይጨምራል፣ ሚዛኑ ነው ቀስ እያለ የሚዞረው። የኔ 21 ኢንችና የጓደኛዬ 23 ኢንች የተለያዩት በርዝመታቸው ሳይሆን በዚያ ቀን ከፊታቸው በነበረው ነገር ሊሆን እንደሚችልም ጨመረች።

እኔ ይሄን ሳነብ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያን የሚያህል ቁራጭ ይዤ የቆምኩበት ነገር ገባኝ።

5ኛው የአፉን ነገር አመጣ፣ ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው። ሮክፊሽ የሚቆርጥ ጥርስ የለውም። አውራ ጣትህን አፉ ውስጥ ብትከት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሻክርህ፣ ምላሱም ላይ ሁለት ሻካራ መስመር አለ፣ የተያዘው ነገር እንዳያመልጥ ነው እንጂ ለማኘክ አይደለም። ስለዚህ የሚበላው አፉ የሚያስገባውን ብቻ ነው። ብሉፊሽ ግን እንደ ምላጭ ያለ ጥርስ ስላለው ከሱ ትልቅ የሆነውንም ቆርጦ ይበላል። ከዚህ ተነስቶ የጻፈው ነገር እኔን አስደነቀኝ። ሜንሄደኑም እኮ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ እሱም ያድጋል። በጁን ሁለት ኢንች የነበረው ሜንሄደን በኦክቶበር አራት አምስት ኢንች ይደርሳል። ትንሹ ሮክፊሽ አፉ እስኪሰፋ ምግቡ ከአፉ በልጦ ይጠብቀዋል። አንቾቪ ግን ሁሌም ትንሽ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ከአፍ አያመልጥም። ለዚህ ነው ትንሹም መካከለኛውም አንቾቪ ላይ የሚውለው።

6ኛው ጋሼ ናቸው፣ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ አሁን ቨርጂኒያ ይኖራሉ። በሳቸው ጊዜ ምጽዋ አካባቢ ዛፉ ባሕሩ ውስጥ በበቀለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ እርሳስ የምታክል ባራኩዳ ትንንሽ ዓሳ ስታሳድድ ያዩ እንደነበር፣ ትልልቆቹን ግን ራቅ ብለው ከጀልባ ካልሆነ አይተዋቸው እንደማያውቁ ጻፉ። ስለ ምግቡ ብዙም አላሉም፣ ስለ ባሕሩ ነበር የጻፉት፣ ውሃው ማታ ማታ ሲመታ እንዴት እንደሚያበራ ምናምን። ብዙ ሰው ልብ አደረገላቸው፣ እኔም።

7ኛው ላይ ሙቀቱ ጨመረ። ሸርጣን የሚያጠምድ ሰው ነው፣ ሮክፊሽ ቤዩ ውስጥ ያለውን ሸርጣን ጨርሶ በልቶታል፣ እናንተ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንቾቪ ትቆጥራላችሁ ዓይነት ነገር ጻፈ። እሱ ራሱ የከፈታቸው ዓሳዎች ሆዳቸው በሸርጣን ቅርፊት የተሞላ እንደነበር ነው የሚለው።

8ኛዋ ያችው 4ኛዋ ናት፣ በትህትና ነው የመለሰችው። ሸርጣን መብላቱ እውነት ነው፣ በተለይ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ቦታ ትንንሾቹን ይበላል፣ ግን ቤዩ ውስጥ ከዓሳው ጋር ሲመዘን ድርሻው ትንሽ ነው አለች። ለምን ብዙ መሰለህ ለሚለው ደግሞ ጨጓራ ይዋሻል አለች። አንቾቪ ለስላሳ ስለሆነ በጥቂት ሰዓት ይሟሟል፣ የሸርጣን ቅርፊት ግን ጠንካራ ስለሆነ ይቆያል፣ ስለዚህ ሆድ ስትከፍት የምታየው የበላውን ሁሉ ሳይሆን ገና ያልሟሟውን ነው። አጥኚዎችም ለዚህ ብለው ከጨጓራ ውስጥ የጆሮ ድንጋይ የሚባለውን ትንሽ ነጭ ጠጠር ይለቅማሉ፣ የዓሳው ሥጋ ቢጠፋም እሱ ይቀራል፣ ከቅርጹም የየትኛው ዓሳ እንደሆነ ይታወቃል። እኔና ልጄ ያንን ገንፎ የመሰለውን ጠርገን ጥለነዋል እኮ። እስካሁን ይቆጨኛል።

9ኛው የኔ ነው፣ ገንፎውን እንደጣልነው ነው የጻፍኩት።

10ኛው የ7ኛው ሰውዬ ነው፣ ተቆጣ። የተማረ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ የኔን ዓይን ሊያስተባብል አይችልም አለ፣ 20 ዓመት ውሃ ላይ እንደቆየም ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄበት ነበር፣ ሲቆይ ግን ሳስበው ያየውን ነው የተናገረው፣ የሸርጣን ቅርፊት አላየህም ያለውም የለም። የተለያዩት ባየው ነገር ሳይሆን ካየው ተነስቶ በደረሰበት ነገር ነው።

11ኛው ነገሩን ወደ ፋብሪካው ወሰደው። ቨርጂኒያ ሪድቪል ላይ ሜንሄደን በጅምላ ተይዞ ለዘይትና ለመኖ እንደሚፈጭ፣ ቀለቡን ከአፉ እየነጠቅን ዓሳው ለምን ቀነሰ ብለን እንደምንገረም ጻፈ፣ ሦስት ቃለ አጋኖም ነበረው። 12ኛው አረመው፣ ቤዩ ውስጥ የሚያዘው በዓመት 51,000 ቶን ላይ የታጠረ ነው፣ ከ2017ቱ ውሳኔ በፊት ከ87,000 በላይ ነበር አለ። መረቡ የሚይዘው በብዛት ያደገውን ሜንሄደን ነው፣ የ15 ኢንች ሮክፊሽ ደግሞ ያን የሚያህል መዋጥ አይችልም፣ ስለዚህ የትኛው ሮክፊሽ ነው የተራበው ብላችሁ ጠይቁ የሚል ነገር ነበረው። ሁለቱ ከዚህ በኋላ ተሰዳደቡ፣ አልደግመውም። የ12ኛው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ያደገው ሜንሄደን ነገ ትንንሾቹን የሚወልደው መሆኑን ባይረሳ ኖሮ ደግሞ የተሻለ ይሆን ነበር።

ከ13 እስከ 16 ያለው ስለ ጾም ነው። አንዲት እህት በወርኃ ጽጌ የዓሳ ፎቶ መለጠፌን አልወደደችውም። 14ኛው ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ ዓሳም ቢሆን ፍስክ አይደለም ብሎ መለሰላት። 15ኛው በ14ኛው ላይ ወረደበት፣ አንተ ማን ነህና ትፈቅዳለህ ዓይነት፣ ደስ አይልም። ጋሼ በ16ኛው ገብተው ይሄ ክርክር ከሳቸው ልጅነት ጀምሮ ያለ መሆኑን፣ የሚበላውም የማይበላውም ቤተ ክርስቲያን አብረው ሲያስቀድሱ እንደኖሩ፣ እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን ጠይቆ ቢያድር እንደሚሻል ጽፈው ሁሉንም ዝም አሰኙ። እህቴ፣ ካስቀየምኩሽ ይቅርታ፣ ፎቶውን ወደ ታች አውርጄዋለሁ።

17ኛው ከዚያው ቀጥሎ ብሉ ካትፊሽን አመጣ። ይሄ ዓሳ የዚህ አገር ወንዝ አልነበረም፣ በ1970ዎቹ ለስፖርት ተብሎ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው፣ አሁን ቤዩን ወሮታል። ምግቡም ከሮክፊሽ ጋር ይመሳሰላል፣ ትንሽ ሲሆን ትልና ቀንድ አውጣ መሰል ነገር፣ ሲተልቅ ዓሳና ሸርጣን። ሸርጣን ጠፋ ላለው ለ7ኛው ሰውዬ ወደዚህም ተመልከት ለማለት ነው። ሜሪላንድ ያዙ ብሉ እያለ ነው የሚለምነው፣ ግን ቅርፊት ስለሌለው የኛ ሰው ብዙው አይበላውም፣ እንደ አምባዛ ነው የሚቆጥረው። ክንፍና ቅርፊት የሚለው ሕግ እዚህም ተከትሎን መጣ ማለት ነው።

18ኛዋ አቡዳቢ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። አጭር ነው የጻፈችው ግን እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው። ሃሙር የሚባለውን ዓሳ በየሳምንቱ እሷ ናት የምታጸዳው። ገበያ ሲወደድ ትንንሹን ይገዛሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ትልቁን። ትንሹ ሆድ ውስጥ የሽሪምፕ ጭራና የሸርጣን እግር፣ ትልቁ ውስጥ ግን ሙሉ ዓሳ እንደምታገኝ፣ ይሄን ለማንም ተናግራ እንደማታውቅ፣ ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ፣ የኛን ክር ስታይ ግን እኔ ይሄን አውቀዋለሁ ብላ እንደተነሳች ጻፈች። እህቴ፣ ከዓመታት ሥራሽ ያወጣሽው ዕውቀት ነው፣ ቀጥዪበት።

19ኛው የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። ጫሞ ላይ ያለው ናይል ፐርችም እንደዚሁ ነው አለ፣ ትንሹ ዙፕላንክተንና የነፍሳት እጭ፣ ትልቁ ዓሳ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ሲለቀቅ የሐይቁን ትንንሽ ዓሳዎች ጨርሶ፣ እነሱ ሲያልቁ ወደ ሽሪምፕና ወደ ራሱ ልጆች እንደተመለሰም ጨመረ። ስለዚህ ትልቅ ሆነ ማለት ሁሌም ትልቅ ነገር ይበላል ማለት አይደለም፣ ከሌለ ወደ ታች ይወርዳል። ጣናንም አነሳ፣ እዚያ ካሉት 15 ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች 8ቱ ዓሳ በሎች ናቸው፣ የአገጭ ጥርስ ሳይኖራቸው! ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

20ኛው እኔን ነው ያረመኝ፣ ልክ ነው። ማንኛውም ዓሳ በዙፕላንክተን ይጀምራል ብዬ ነበር፣ ማንኛውም አትበል አለኝ። ስፓኒሽ ማከረል ገና እጭ ሆኖ፣ ከተፈለፈለ ጥቂት ቀን ሳይሞላው፣ የሌላ ዓሳ እጭ ነው የሚበላው። የጋሼንም ባራኩዳ አስታወሰ፣ እርሳስ ሆና ዓሳ ታሳድድ የነበረችውን። ሁሉም በሮክፊሽ መንገድ አይሄድም።

21ኛው መጥፎ ነበር። ሳንዲ ፖይንት ላይ የኛ ሰዎች ያልደረሰ ዓሳ ባልዲ ውስጥ ከተው ሲወስዱ አይቻለሁ፣ አንተም 21 ነው ያልከው 17 ሊሆን ይችላል አለ። ልጄ ነው የለካው። ዓሳውን ከነጅራቱ መለኪያው ላይ አጋድሞ፣ አፉን አስዘግቶ፣ ሁለቴ። 22ኛው ላይ ጠንከር አድርጌ መለስኩለት፣ አሁን ሳነበው ትንሽ በዝቷል፣ ግን አላጠፋውም። ያልደረሰ የሚወስድ እንዳለ አውቃለሁ፣ ከሁሉም ወገን አለ፣ እኔም አይቼ ተናግሬ ተሰድቤያለሁ። ስለዚያ መነጋገር ካለብን በግልጽ እንነጋገር፣ ልጅ የለካውን ግን አንጠራጠር።

23ኛዋ ያችው ተማሪ ተመልሳ መጣች፣ ክሩን ያዳነችው እሷ ናት። ሜንሄደን፣ ሸርጣን፣ ፋብሪካ እያላችሁ የምትጣሉት ስለ መጨረሻው ምግብ ነው፣ ዓሳው አሁን የሚሞተው የመጀመሪያው ላይ ነው አለች። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየክረምቱ፣ ጁላይ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ፣ በ22 ቦታዎች 100 ጫማ መረብ እየጎተተ የዓመቱን ትንንሽ ሮክፊሽ ይቆጥራል። የረጅም ጊዜ አማካዩ በአንድ ጉተታ 11 ገደማ ነው። በ2023 የወጣው 1.0 ነው። በ2024 2.0። ከ2019 እስከ 2024 ስድስት ዓመት በተከታታይ ከአማካይ በታች ነበር። በ1996 59.4 ነበር።

ለምን ለሚለው፣ ወንዙና ጨዋማው ውሃ የሚገናኙበት ቦታ አለ፣ ዙፕላንክተኑ እዚያ ነው የሚከማቸው። ዊንተሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን የስፕሪንጉ ጎርፍ ጠንካራ ይሆንና እጩም ምግቡም በአንድ ሳምንት እዚያ ይገናኛሉ። ሞቃትና ደረቅ ሲሆን ምግቡ ቀድሞ ደርሶ ያልፋል፣ እጩ አፉን ሲከፍት ማዕዱ ተነስቷል። እናቲቱ 30 ኢንች ሆና ሜንሄደን ጠግባ ሚሊዮን እንቁላል ብትጥል ልጇ ኮፔፖድ ካላገኘ ዋጋ የለውም። ይሄን ከጻፈች በኋላ ለሁለት ቀን ማንም ምንም አልጻፈም። እኔም ለልጄ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ነበር።

24ኛው፣ እናመሰግናለን የሚል። 25ኛው ያ የሸርጣኑ ሰውዬ ነው፣ በ1985 ሜሪላንድ ሮክፊሽ ማጥመድን ሙሉ በሙሉ ስትከለክል፣ እስከ 1990 ማለት ነው፣ ከሱ በፊት ውሃው ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች እንዴት እንደተጎዱ የነገሩትን ጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዓሳው እንደተመለሰም። የመጀመሪያ ቁጣው አልነበረበትም። አሁንም ከተዘጋ እቀበላለሁ አለ፣ ከሱ አልጠበቅኩም ነበር።

26ኛው የኔ ነው። ኖቬምበር ላይ ተመልሰን ሄደን፣ ያቺኑ ነጭ ላስቲክ ወረወርን፣ 26 ኢንች መጣ። ከ24 በላይ ስለሆነ እጄን አርጥቤ መንጠቆውን ነቅዬ ለቀቅኩት። ልጄ አለቀሰ ማለት ይቻላል፣ ለዓሳው አይደለም፣ ሆዱን ሳናይ ስለሄደ። 27ኛዋ ተማሪዋ ዓሳውን ሳይገድሉ የሚያዩበት መንገድ እንዳለ ጻፈችለት። በአፉ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ውሃ በቀስታ ይለቃሉ፣ የበላው ተመልሶ ይወጣል፣ ተለቅሞ ይቆጠራል፣ ዓሳው ይለቀቃል። ይሄንን እኛ ቤት መሞከር እንደማንችል፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ግን አስጠነቀቀችው፣ እሱ ግን ሳድግ እሠራዋለሁ ብሏል።

28ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ ያ የኒው ጀርዚው ሰው ነው። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ከባሕር ዳርቻው 34 ኢንች ይዞ፣ እነሱ ጋር ከሚፈቀደው ከ31 በላይ ስለሆነ ሊለቀው አሸዋው ላይ አጎንብሶ መንጠቆውን ሲነቅል ዓሳው አፉን ከፍቶ ከሆዱ ያለውን ተፋው። ባንከር አልነበረም። እንደ እስክሪብቶ ቀጫጭን የሆኑ፣ አሸዋ ውስጥ የሚቀበሩ ሳንድ ኢል የሚባሉ ዓሳዎች ነበሩ፣ አሥር ይሁኑ አሥራ ሁለት፣ አንዷ ገና ትንቀሳቀስ ነበር። በትንሽ ነገር ትልቅ ዓሳ አይያዝም ያልኩትን መልሻለሁ ብሎ ጻፈ።

ልጄ ደብተር ይዟል፣ ርዝመት፣ ቀን፣ ሆድ ውስጥ የተገኘ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ነበሩት። የኒው ጀርዚውን ካነበብኩለት በኋላ በማስመሪያ አራተኛ መስመር አሰመረና የት የሚል ጨመረ። እስካሁን ሁለት ዓሳ ነው የተጻፈው፣ የለቀቅነው 26 ኢንች ሆድ ባዶ ቦታ ተትቶለታል።